«በገዛ ፈቃዴ» ብለው ፈርመዋል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥጥ የሚፈታበት ክፍል 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኝ ነበር። አሁን ዳገት መውጣት አቅቶኛል። ሐኪም ሳንባህ ተጎድቷል አለኝ። ድርጅቱ «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው» ይላል። ካሳ ማግኘት እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጠየቅ ይችላሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራው ላመጣው በሽታ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው።

የሰኞውን ነገር አቅልለው አይዩት። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ሕመም ከእረፍት ቀን በኋላ ሥራ ሲገቡ ይብሳል። ብርድ ሰኞና ሐሙስ አይለይም። ይህን ለሐኪሙ ነግረውታል? ካርድዎ ላይ «ሳል» ብቻ ከሰፈረ ተመልሰው ሥራዎን ያስመዝግቡ፤ የሳንባ አቅም ምርመራም ይጠይቁ። ሲጋራ ካጨሱ፣ ወይም ማስክ ተሰጥቶዎት ትተውት ከነበረ፣ ከጠበቃዎ አይደብቁ። ሌላው ወገን ያነሳዋል።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። «ሠርቻለሁ» እንጂ «እሠራለሁ» አላሉም። እንዴት ወጡ?

ብዙ ደንበኞቼ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ትንፋሽ ሲያጥራቸው አስተዳደር ይጠራቸዋል። «ከምትሰቃይ መልቀቂያ አስገባ፣ የሥራ ልምድህን አሳምረን እንጽፍልሃለን» ይባላሉ። ትንሽ ብር ይጨመርላቸዋል። ወረቀቱ «በግል ምክንያት በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ፣ የምጠይቀው የለም» ይላል። ይፈርማሉ፤ ኮፒ እንኳ አይዙም! በእርግጥ ሥራ በስምምነት ሲቋረጥ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ቢል ዋጋ የለውም። ችግሩ ማስረጃው ነው። ስለ ሕመም አንድ ቃል የሌለው የራስዎ ፊርማ ፍርድ ቤት ይቀርብብዎታል።

ከዚያ የባሰው ቀኑ ነው። ሰዎች «የፈረመ ምን ይላል» ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ በመደበኛው በ1 ዓመት በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል፤ የደመወዝና የስንብት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር። ለበሽታ ዓመቱ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል የሚለው ያከራክራል፤ በዚያ ክርክር ላይ ተስፋ አይጣሉ። ደብዳቤ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ነው ማለትም አያድንም።

ገና በሥራ ላይ ከሆኑ ግን ምንም አይፈርሙ። የሕመም ፈቃድዎ በተራ ሕመም እንዳይመዘገብም ይጠንቀቁ። ተራ ሕመም ሙሉ ደመወዝ የሚያስገኘው 1 ወር ነው፤ በሥራ ምክንያት ከሆነ 3 ወር።

የሕክምና ካርድዎን፣ ራጁን፣ የቅጥር ደብዳቤዎንና የደመወዝ ወረቀቶችን ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ያማክሩ። እኔ ወረቀትዎን ሳላይ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። ፈርመው ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት የፈረሙበትን ቀን ለጠበቃው ይንገሩት።