መልስ፦ የሴቡ ልጆች «ሊኖግ» የሚሉት ምንድነው?

እህቴ፣ አብረውሽ የሚሠሩት የሴቡ (የፊሊፒንስ ደሴት) ልጆች ቤታቸው ሲደውሉ «ሊኖግ፣ ሊኖግ» የሚሉት ምን ማለት ነው ብለሽ ጠይቀሻል። የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በእንግሊዝኛ ኧርዝኩዌክ። እ.ኤ.አ. በ2013 ቋንቋቸው ሴቡዋኖ የሚነገርባትን፣ እዚያው ፊሊፒንስ ያለችውን የቦሆልን ደሴት መጠኑ 7.2 የሆነ ሊኖግ መትቷታል። ቃሉን ሲሰሙ ቢደነግጡ አይግረምሽ።

ባግዮ ታይፉን፣ ማለትም ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ነው፣ ባሃ ጎርፍ፣ ሱኖግ ደግሞ የእሳት ቃጠሎ። በጥቅሉ መዓት፣ እንግሊዝኛው ዲዛስተር የሚለው፣ ካታላግማን ይባላል። አደጋ፣ በእንግሊዝኛ ዴንጀር፣ ለማለት ከስፓኒሽ የወረሱት ፔሊግሮ አለላቸው።

እኔ የምወደው ግን «ኩያው»ን ነው። አስፈሪ፣ አደገኛ ማለት ነው። ወጣቶቹ ሲያደንቁም ይሉታል፤ ልክ እኛ «አደገኛ ልጅ ነው!» እንደምንለው። ስለዚህ ፊታቸውን እያየሽ ተርጉሚው።

«ታባንግ!» ብላ የጮኸች ካለች ግን ሮጠሽ ሂጂ። «ድረሱልኝ» ማለቷ ነው።