መሣሪያው ይቆያችሁ፤ መጀመሪያ ዝንቧን እዩ

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «በነፍሳት ነርቭ ጥናት መሰማራት እፈልጋለሁ፤ ዘመን የማያልፍበት የምርምር ዘዴ የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ» ስትል ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኔ ላይ የቀሰቀሰው ግን የአንድ ብልቃጥ ቁጭት ነው።

ጀማሪ ሳለሁ በምሠራበት ቤተ ሙከራ የፍራፍሬ ዝንቦችን የሚያረቡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዲግሪ የላቸውም፤ በጥናታዊ ጽሑፎቻችን ላይም ስማቸው አይሰፍርም። ጠዋት ሲገቡ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣሉ፣ በጣታቸው መታ ያደርጋሉ፣ አይተው ይጽፋሉ። «የዚህችኛዋ አካሄድ ዛሬ አላማረኝም» ሲሉ፣ የነርቭን ኤሌክትሪክ በምንለካባቸው ኤሌክትሮድና አምፕሊፋየር የምንኮራው ወጣቶች እንሳሳቃለን። አንድ ቀን ጠርተው አንድ ብልቃጥ አሳዩኝ። መታ ሲያደርጉት ዝንቦቹ ወድቀው ተንፈራገጡ። ይህ በራሱ አዲስ አልነበረም፤ በድንገተኛ ምት የሚወድቁ የዝንብ ዘሮች ቀድሞም ይታወቃሉ፤ ዛሬም ለሚጥል በሽታ ጥናት ያገለግላሉ። የእርሳቸው ዝንቦች ግን ወዲያው አይወድቁም፤ ጥቂት ተራምደው፣ ነገሩ ያለፈ ከመሰለ በኋላ ነው የሚዘረሩት። ጉድለቱ የሶዲየም መተላለፊያ ላይ፣ ማለትም ሶዲየምን ወደ ነርቭ ህዋስ በምታስገባው ጥቃቅን በር ላይ ይሆን? የፖታሲየም? «ጊዜ ስታገኝ ነርቧን ለካት» አሉኝ።

ጊዜው ሳይመጣ ቤተ ሙከራው ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወረ። ቦታ ጠበበ፤ የአዛውንቱም ብልቃጦች ለየትኛውም ፕሮጀክት አያስፈልጉም ተብለው ተደፉ። የዝንብ ዘር በየጥቂት ሳምንቱ ወደ አዲስ ምግብ ካልተዛወረ ያልቃል፤ በዚያ ዘመን እንደ ባክቴሪያ አቀዝቅዞ ማቆየት አይቻልም ነበር። እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ። እንደዚያ የሚወድቅ ዝንብ ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ይህ የሽማግሌ ትዝታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኤተር ሲደነዝዝ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ዝንብ ባይታይ ኖሮ፣ በ1987 የመጀመሪያው የፖታሲየም መተላለፊያ ዘረ መል ከዚያ ዝንብ አይገኝም ነበር። በ1971 ደግሞ ሙቀቱ 29 ዲግሪ ሲደርስ ሽባ የሚሆኑ፣ ሲቀዘቅዝ ተነሥተው የሚሄዱ ዝንቦች ተገለጹ፤ ዘረ መላቸው የሶዲየም መተላለፊያ ሆኖ ተገኘ። ዲዲቲና ፓይረትሮይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች የሚያጠቁት ይህንኑ መተላለፊያ ነው፤ ከፍተው ይይዙትና ነርቩ ያለማቋረጥ ምልክት ይተኩሳል። ፓውል ሙለር በዲዲቲ ሥራው በ1948 ኖቤል ሲሸለም፣ በመርዙ የማይወድቁ የቤት ዝንቦች ቀድመው መታየት ጀምረው ነበር። ምስጢሩ መተላለፊያው ላይ የተለወጠ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም አንዲት የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት መሆኑ የታወቀው በ1990ዎቹ ነው። መጀመሪያ የታየው ግን መውደቅ የነበረበት፣ ያልወደቀ ዝንብ ነው።

የዛሬ ልጆች በስታትስቲክስ ከእኛ እጅግ ትበልጣላችሁ፤ ይህን ሳልሸሽግ እመሰክራለሁ። ነገር ግን የበረሮን ነርቭ በኮምፒውተር እያስመሰለ በሕይወት ያለ በረሮ ሲሮጥ አይቶ የማያውቅ ተመራማሪ አጋጥሞኛል። ጨዋ ልጅ ነው፤ በረሮውን ሳሳየው ወንበር ላይ ወጣ።

እኔ ራሴ እንጀራ የበላሁት ግን በዓይን አይደለም። ጀርመናውያኑ ተመራማሪዎች ኔኸርና ዛክማን በ1976 ያስተዋወቁት ፓች ክላምፕ ነው ያኖረኝ፤ በቀጭን የመስታወት ጫፍ የህዋስ ሽፋን ላይ ተጣብቆ የአንዲት መተላለፊያን መከፈትና መዘጋት መለካት። የመጀመሪያዋን መተላለፊያ በስክሪኑ ላይ ሳይ የተሰማኝን ደስታ ማንም ዝንብ አልሰጠኝም። ስለዚህ ዘዴ አትማሩ ማለቴ አይደለም፤ ፓች ክላምፕ እጅን ትዕግሥት ያስተምራልና ተማሩት። ማንበብና መመዝገብ ያስፈልጋል እያልኩ አላሰለቻችሁም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ የገንዘብ ነገር ነውና። ለምርምራችሁ ገንዘብ ስታመለክቱ «ዝንብ ለሰው ምን ይፈይዳል?» መባላችሁ አይቀርም። በ1969 የተገለጸ ሌላ እግሩን የሚያወዛውዝ ዝንብ ነበር። ዘረ መሉ የፖታሲየም መተላለፊያ የሚሠራ ነው፤ ዘመዱም በሰው ልብ ውስጥ ተገኘ፤ ጉድለቱም አደገኛ የልብ ምት መዛባት እንደሚያመጣ በ1995 ታወቀ። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ሲዘጋጅ ያንን የልብ መተላለፊያ እንዳይዘጋ ይመረመራል። ይህን ንገሯቸው። ካልሰሙም ማመልከቻችሁን ወደ ሌላ ውሰዱ።