ኩኪሴ እንደ ቂጣ ተዘረጋብኝ

ጥያቄ፦ እትዬ ሰላም ነዎት? አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ለበዓል የምትጋግረውን የአጃና የዘቢብ ኩኪስ አሰራር በቴሌግራም ልካልኝ ባለፈው እሁድ እዚህ አዲስ አበባ ሞከርኩት። የገበታ ቅቤውን በሚዛን 225 ግራም ለካሁ፣ ዱቄቱን አጃውን ስኳሩን ግን እሷ «ካፕ» ስላለች በሻይ ብርጭቆ ሰፈርኩ፣ 2 እንቁላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ኦቨኑን 175 አደረኩት። 5 ደቂቃ ሳይሞላው ሁሉም ተገናኝቶ አንድ ትልቅ ቂጣ ሆነብኝ፣ ዳሩ አሮ መሀሉ ጥሬ! እሷ ጋ እኮ ወፍራም ነው የሚወጣው። ደሞ ቤታችን ሁሉም ጿሚ ስለሆነ የጾም የሚሆን ካለም ይንገሩኝ።

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ምንም አላጠፋም፣ ያጠፋው ብርጭቆው ነው። የአሜሪካኖቹ ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የኛ የሻይ ብርጭቆ ከዛ በጣም ያንሳል። ሁሉንም በሱ ብትሰፍሪው ኖሮ ብዙም ባልከፋ፣ አንቺ ግን ቅቤውንና እንቁላሉን ሙሉ አድርገሽ ዱቄትና አጃውን ስላሳነስሽ ሊጡ ቅቤ በቅቤ ሆነ፣ ኦቨን ሲገባ ከመቅለጥ ሌላ ምን ይሁን።

ሁለተኛው ነገር ደሞ ከፍታው ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። እህትሽ ያለችበት ከተማ ከባህር ጠለል ብዙም አይርቅም፣ አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ ራሱ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሶዳው የሚያወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል፣ እርጥበቱም ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ ይበዛበታል፣ ኩኪሱ ሳይጠነክር ይዘረጋል። ስለዚ የእህትሽን አሰራር ለዚህ ከተማ እንዲህ አርጊው፦ ቅቤው 225 ግራም ይሁን፣ ዱቄት 215 ግራም፣ አጃ 270፣ ስኳር 220፣ ዘቢብ 150፣ እንቁላሉ ያው 2፣ ሶዳው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ኦቨኑን 190 አርጊውና ቀድሞ በደንብ ይጋል፣ ዳሩ ሳይዘረጋ እንዲይዝ ነው፣ ከ9 ደቂቃ ጀምረሽ እያየሽ መሀሉ ገና ለስላሳ እያለ አውጪው፣ ትሪው ላይ እንዳለ ይጠነክራል። ሊጡን ደሞ ሳትጋግሪው በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት ፍሪጅ አስገቢው፣ ይሄን እንዳትዘይው በጣም ለውጥ አለው።

አጃውን በተመለከተ፣ ሱፐርማርኬት «ኦትስ» ተብሎ የሚሸጠው ተዳምጦ የሳሳ ስለሆነ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። የክንቼው አጃ ግን ድፍን ስብርባሪ ነው፣ እንዳለ ከጨመርሽው ጥርስ ላይ ጠጠር ነው የሚሆነው፣ ቤት ያለው እሱ ከሆነ ለዘብ ባለ እሳት አምሰሽ ፍጪው። የተዳመጠውንም ቢሆን እኔ ሁሌ ምጣድ ላይ ትንሽ አምሰዋለሁ፣ ያ የአጥሚት ሽታ ሲመጣ ቤቱ ገና ገና ይላል። ዘቢቡን 10 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈሽ አጥልለሽ በጨርቅ አድርቂው፣ ደረቁን ካስገባሽው የሊጡን እርጥበት ይጠጣል። ማንጎና ፓፓያ እንዳታስገቢ ውሃ ያበዛሉ፣ የጨንቻ አፕል ካገኘሽ ግን ፈቅፍቀሽ ጨምቀሽ ብትጨምሪበት እጅ ያስቆረጥማል።

ለጾሙ መፍትሄው ቤታችን ያለው ተልባ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ስታቆይው እንደ እንቁላል ይልጋል። እሱ ላይ አንድ በደንብ የበሰለ ሙዝ ፈጭተሽ፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 120 ግራም ስኳር፣ 180 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም አጃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ጨው፣ ቀረፋና ኮረሪማ፣ ከዛ 150 ግራም ዘቢብና የተከተፈ ተምር። ይሄኛው በራሱ ብዙ ስለማይዘረጋ በእጅሽ ጠፍጠፍ አርጊው። በዘይት ፋንታ ማርጋሪን ልጠቀም ካልሽ ማሸጊያውን አንብቢ፣ ወተት ያለበት አለ።

የቅቤውን ደሞ እየጾምሽ ስትሰሪ መቅመስ ስለሌለ በግራም መለካቱ ግዴታ ነው። አሁኑኑ ሊጡን አቡክተሽ ድቡልቡል አርገሽ ፍሪዘር ክተቺው፣ ታህሳስ 28 ማታ ከነበረዶው ትጋግሪዋለሽ፣ 2 ወይ 3 ደቂቃ መጨመር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት። ስኳሩን ትቼ በማርና በተምር ብጋግርላት እንደፈለገች መብላት ትችላለች አይደል? ከአዳማ

መልስ፦ አይ የኔ እመቤት፣ እንደዛ አይደለም። ማርም ተምርም ዘቢብም ደም ውስጥ ሲገቡ ስኳር ናቸው፣ ዱቄቱም እንደዛው። የአጃው ፋይበር ስኳሩ ቶሎ እንዳይወጣ ትንሽ ያግዛል እንጂ አያጠፋውም። ስኳሩን በግማሽ ቀንሺ፣ አጃውን ከዱቄቱ አብዢ፣ ትንንሽ አርገሽ ጋግሪላትና አንድ ብቻ ከምግብ በኋላ ስኳር ከሌለው ሻይ ጋር ስጫት፣ መድሃኒት ወይ መርፌ የምትወስድ ከሆነ ግን በዓሉ ሳይደርስ ሀኪሟን ጠይቂ። ድግስ ላይ ለብቻዋ እንዳትገለልም የሷን ትንንሹን ከሌላው ጋር አንድ ሰሃን ላይ አቅርቢው።