ዘፋኟን ልጠብቃት ወይስ ልቀጥል?

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ዓርብ ዓርብ ማታ ጃዝ እንጫወታለን፤ እኔ ኪቦርድ፣ ጓደኞቼ ቤዝ፣ ድራምና አልቶ ሳክስፎን። ትዕግሥቴ አልቋል። ዘፋኛችን ከምቱ ጋር አትሄድም። ምት አንድ ላይ መውደቅ ያለበትን ቃል ምት ሁለት ላይ፣ ሲብስም ከዚያ አሳልፋ ትጥለዋለች። እኔ እጠብቃታለሁ፣ ድራመሩ አይጠብቅም፣ ቤዙ መሃል ላይ ይንገላታል፤ ዘፈኑ እግሩ ይፈታል። ድምፅዋ መጥፎ ነው አልልም። ግን ልምምድ ላይም መድረክ ላይም ያው ናት። ስነግራት «አልዘገየሁም፣ የምትጎትተኝ አንተ ነህ» ትለኛለች። ዜማው እንዳይጠፋባት ብዬ በቀኝ እጄ አብሬያት እየተጫወትኩ እንኳ አልሆነም። ኪ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚመሠረትበት ድምፅ ላይም አትስማማም፤ በሲ የለመድናቸውን ዘፈኖች ወደ ኤ ፍላት አውርዱልኝ ትላለች፣ ሳክስፎኒስቱ ግን በለመደው ይሻለኛል ስላለ እንዳለ ትተነዋል። እንግዳው ማጉረምረም ጀምሯል፤ የሆቴሉ ባለቤትም ይህን አይቷል። አንድ ነገር ደግሞ አለ። በቅርቡ «የመጀመሪያውን ሰዓት ያለ ባንድ፣ አንተና እኔ ብቻ ብንሠራውስ?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። እሺ ልበላት ወይስ ሌላ ዘፋኝ ይፈለግ ብዬ ለባለቤቱ ልንገረው?

አጃቢው፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ ስለ ምት ብዙ ጽፈህ ስለ ቀኝ እጅህ በግማሽ መስመር አለፍክ። በሽታው ያለው እዚያ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እሷ እየዘፈነች ዜማውን አትጫወት።

ኪቦርድ ላይ የተጫንከው ድምፅ ካረፈበት አይነቃነቅም። የሰው ድምፅ ግን ከሥር ተነሥቶ ወደ ኖታው ይንሸራተታል፣ ይጠመዘዛል፣ ይዘገያል። አንተ ያንኑ ዜማ ከሥሯ ምቱ ላይ ቀጥ አድርገህ ስትመታው፣ መንሸራተቷ ከድምፅ መውጣት፣ መዘግየቷም መሳት ሆኖ ይሰማል። እንግዳው ሁለት ዜማ እየሰማ ነው፤ የሚያጉረመርመው በእሷ ብቻ አይምሰልህ።

ቃልን ከምት አሳልፎ መጣል የጃዝ ዘፋኝ ሙያ ነው። ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፒያኒስቱ ቴዲ ዊልሰን ጋር የቀዳቻቸውን ስማ። ቃሏ ወደ ኋላ ይላል፤ ዊልሰን ግን ምቱን አይለቅም። በኋላ ሌስተር ያንግ በቴነር ሳክስፎኑ ሲቀላቀላትም ከሥሯ የራሱን ነገር ያወራል እንጂ የእሷን ዜማ አይደግምም። መዘግየቷ ውበት የሚሆነው ከሥሯ የማይዘገይ ነገር ሲኖር ነው። አንተ ቆም ስትልላት እሷም ካንተ ኋላ ለመሆን የባሰ ትዘገያለች። «የምትጎትተኝ አንተ ነህ» ያለችህ ይህንን ነው፤ እውነቷን ነው።

ጠፍታ ከሆነስ? መለያው ቀላል ነው። ዘግይታ ጀምራ በአራተኛው ወይም በስምንተኛው ባር (ምቶቹ አራት አራት ሆነው የሚቆጠሩበት ክፍል) መጨረሻ ከኮርዱ፣ አብረው ከሚመቱት ድምፆች፣ ጋር አብራ ካረፈች አልጠፋችም። በ32 ባር ዘፈን ውስጥ ብሪጁን (የዘፈኑን መሃል ክፍል) አንድ ባር አሳልፋ ከገባች ግን ጠፍታለች። ያን ጊዜም ዜማ አትስጣት፤ ሩቱን (የኮርዱን መሠረት ድምፅ) ምት አንድ ላይ ጎላ አድርገህ ምታና ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚያስገባውን ሰባተኛ ኮርድ አሰማት። ባር ዘላ ከገባች ደግሞ መላው ባንድ ወደ እሷ ይዝለል፤ እንግዳው የሚከተለው ቃሉን ነው።

ቤት ውስጥ እንዲህ ተለማመድ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 50 ላይ አድርግና እያንዳንዱን ምት ሁለትና አራት ብለህ ቁጠረው፤ ዘፈኑ በ100 ይሄዳል። ይህንኑ በጆሮዋ እየሰማች እንደልቧ እያዘገየች ትዝፈንና ድምፅዋን ብቻ በስልክ ቅዳ። ከዚያ ሁለቱንም እኩል አስነሥተህ በላዩ ላይ ኮርድ ብቻ ተጫወት። እጅህ ወደ እሷ መሳብ እስኪተው ድረስ ደጋግመው።

ቀኝ እጅህ ሥራ አያጣም። ባንዱ ካለ ሩቱን ለቤዙ ተውለትና የኮርዱን ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፅ በግራህ ያዝ፤ በቀኝህ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ጨምር፣ እሱም እሷ ከምትዘፍንበት ከፍታ ራቅ ብሎ። ሐረግ ጨርሳ ስትተነፍስ አጭር መልስ ስጥና ከመመለሷ በፊት ውጣ። በእሷ ኪ ዜማው ኤ ፍላት ላይ ሲያርፍ ኤ ፍላት ሜጀር ሰባተኛ ከላይ አትምታ፤ ውስጡ ያለው ጂ ከእሷ ድምፅ በግማሽ ቶን ብቻ ስለሚለይ ይጋጫል፣ እሷም ሳታውቀው ከድምፅዋ ትንሸራተታለች። ኤ ፍላት ስድስተኛ ይበቃሃል። መግቢያውንም 4 ባር አድርገውና በኪዋ አምስተኛ ላይ በሚሠራው ሰባተኛ ኮርድ፣ በኢ ፍላት ሰባተኛ ጨርሰው፤ የምትጀምርበት ድምፅ ከላይ ጥርት ብሎ ይሰማት።

የኪው ነገር ግን አናድዶኛል። ዘፋኝ ጉሮሮዋን አትቀይርም። የምትዘፍንበትን ኪ በሳክስፎኒስት ምቾት መወሰን ነውር ነው፤ ሰበቡም አያስኬድም። አልቶ የኢ ፍላት መሣሪያ ነው፤ እሱ ሲ ብሎ ሲነፋ የሚሰማው ኢ ፍላት ነው። እናንተ በሲ ስትጫወቱ እሱ በኤ ሜጀር፣ በ3 ሻርፕ (ግማሽ ቶን ከፍ ባሉ ድምፆች) ይጫወታል፤ ወደ ኤ ፍላት ብትወርዱ ኤፍ ሜጀር፣ 1 ፍላት (ግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ድምፅ) ብቻ ይሆንለታል። 4 ፍላት የሚገጥመው ላንተና ለቤዙ ነው። ለጊዜው ትራንስፖዙን (ኪቦርዱ ኪውን በራሱ የሚቀይርበትን) -4 ላይ ማድረግ ትችላለህ፤ ግን ለቀጣዩ ዘፈን ወደ ዜሮ መመለስ የረሳ አጃቢ ባንዱን ሁሉ ያዋርዳል። እጅህ ይልመደው። ከአቅሟ በላይ በሆነ ኪ ስትዘፍን ለከፍተኛው ኖታ ትንፋሽ ትሰበስባለች፣ ከእሱ በፊት ያለው ቃልም ይጓተታል። ከምትወቅሳት መዘግየት ከፊሉ እንዲህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ዘፈን ያለ መሣሪያ ከራሷ አስጀምራት፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ኖታ ኪቦርዱ ላይ ፈልግ፣ ከፍተኛውን ሳትጮህ ደጋግማ መያዝ መቻሏን አረጋግጥ፣ ኪውንና ፍጥነቱን ደብተር ላይ ጻፍ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እሺ በላት። ዘፋኝ ባንዱን ሁሉ ትታ አንድ አጃቢ ስትመርጥ ትልቅ እምነት ሰጥታሃለች፤ መልስ ሳትሰጣት ዝም ማለትህ ደግሞ ጎድቷታል። ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጄራልድና ፒያኒስቱ ኤሊስ ላርኪንስ በ1950 እና በ1954 እ.ኤ.አ. ሁለት ብቻቸውን የቀዱትን አጥና፤ ላርኪንስ ምን ያህል እንደሚቆጥብ ትሰማለህ። ቤዝ ስለማይኖር ሩቱን ምት አንድ ላይ፣ የኮርዱን አምስተኛ ድምፅ ምት ሦስት ላይ ግራህ ይሸከመዋል። ምት በሌለው መግቢያ ላይ ግን እዚህ ጠብቃት፤ ትንፋሿን ተከተልና ኮርዱን ቃሏ ሲከፈት አብረህ አሳርፈው። ትዝታ ከዘፈነችም ተጠንቀቅ። በሲ ትዝታ ሜጀር ውስጥ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ብቻ ናቸው ያሉት፤ ከልማድ የምትመታው ጂ ሰባተኛ ኤፍና ቢን አስገብቶ ቅኝቱን ያፈርስባታል። ሲና ጂን ከሥር ይዘህ ቆይ።

ለባለቤቱ ስለ ሌላ ዘፋኝ አታንሣ። ይልቅ ከፊቷ አንድ ሞኒተር (ራሷን የምትሰማበት ድምፅ ማጉያ) እንዲቀመጥላት ጠይቀው፤ የእሷ ድምፅና ያንተ ኪቦርድ ብቻ ይግባበት፣ ድራም አያስፈልገውም። ለእሷ ደግሞ ዛሬ ደውልና እሺ ካልካት በኋላ የትኞቹን ዘፈኖች በየትኛው ኪ እንደምትፈልግ ጠይቃት።