ኬክ ይዞ ደረጃ ላይ የሚወድቀው ጋጋሪ

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሳድግ በልጆች ፕሮግራም ያየሁት አጭር ፊልም አይረሳኝም። ነጭ የለበሰ ጋጋሪ የኬኮቹን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገርና ከደረጃ ተንከባሎ ይወድቃል። ያኔ በቪኤችኤስ የተቀዳው ካሴት አዲስ አበባ አለ፤ ሲጫወት ግን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንሸራተታል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፊልሙ የ«ሰሰሚ ስትሪት» ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር የአሻንጉሊት ትርኢት ባለሙያው ጂም ሄንሰን ቁጥር ለማስተማር ከሠራቸው አንዱ ነው። ድምፁ የሄንሰን ሲሆን፣ የሚወድቀው አሌክስ ስቲቨንስ የተባለ የስታንት (አደገኛ ትዕይንት የመሥራት) ባለሙያ ነው። አወዳደቁን እስካሁን ማስታወስዎ አያስገርምም።

ካሴቱ የተበላሸ አይመስልም። በካሴት ዘመን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ስርጭት ስልት ኤንቲኤስሲ (525 መስመር)፣ የእኛ ደግሞ ፓል (625 መስመር) ነበር፤ ካሴቶቹም የተቀዱት በዚያው ስልት ነው። ፓል ብቻ የሚያነብ ማጫወቻ ቀለሙን አያገኝም፤ ሁለቱንም የሚያነብ ይፈልጉ።

ካሴቱን ከማስገባትዎ በፊት በራሱ በካሴቱ መስኮት በኩል የቴፑን ጥቅል በብርሃን ይዩት። ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው፤ ከተጫወተ ማጫወቻውን ይበክላል፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ካሴቶች ይዛመታል። ንጹህ ከሆነ አንዴ እስከ መጨረሻው ያሳልፉትና መልሰው ያጠንጥኑት፤ ለዓመታት የቆየ ጥቅል እኩል ይወጠራል። የማጫወቻውን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በጥጥ አይጥረጉ፤ ክሩ ይያዝበታል። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል የነካ ለስላሳ ቆዳ ሳያንቀሳቅሱ ይያዙና ሄዱ ያለበትን የሚሽከረከር ከበሮ በእጅ ያዙሩት። ወደ ላይና ወደ ታች መጥረግ ሄዱን ይሰብራል።

ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ እንዳለ ያስቀምጡት። እንዲህ ያሉ ፊልሞች የሚቀረጹት በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሆነ፣ ለቴሌቪዥን ሲባል የተጨመሩትን ድግግሞሾች የሚያወጣ ማጣሪያ በቅጂው ላይ ይጠቀሙ፤ የቪዲዮ መስመሮችን የሚያዋህደው ተራው ማለስለሻ (ዲኢንተርሌስ) ምስሉን ያደበዝዘዋል።