መልስ፦ ፕሮፔለሩ ለምን የቆመ ይመስላል?

"የድሮ ፎቶዎች ላይ የአውሮፕላኑ ፕሮፔለር ሲሽከረከር ይታያል፣ የእኔ ላይ ግን ሞተሩ የጠፋ ይመስላል" ብለህ ለጠየቅከው፣ ካሜራህ ምንም አልሆነም። የሹተር ፍጥነቱ ነው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ። አውቶማቲክ ላይ ከተውከው በጠራራ ፀሐይ 1/2000 ሰከንድ ሊያደርሰው ይችላል፣ ያኔ እያንዳንዱ የፕሮፔለር ምላጭ ፎቶው ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ወደ 1/125 አውርደው። ከዚያ አውሮፕላኑን ከሩቁ ጀምረህ ከወገብህ እየዞርክ ተከተለው፣ ካነሳህ በኋላም መዞርህን አታቁም። መጀመሪያ ላይ ብዙው ይደበዝዝብሃል፣ ግን ተስፋ አትቁረጥ፤ አንዷ ጥርት ብላ ስትወጣ ድካሙን ታስረሳለች።

ድሮ እኮ ኮዳክሮም 64 የሚባለውን የስላይድ ፊልም ነበር የምንጠቀመው። ብዙ ብርሃን የሚፈልግ ፊልም ስለሆነ እንደ 1/2000 ያለ ፍጥነት አይታሰብም። ደግሞም በአንድ ጥቅልል 36 ፎቶ ብቻ! ስለዚህ ኤርፖርቱ አጥር ጋ ቆመን ጆሯችንን ነበር የምናምነው። ፎከር 27 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ገና ሳይታይ ዳርት የሚባለው ሞተሩ ፉጨት ይደርስሃል፣ ሲጠጋ ደግሞ ከጭስ ማውጫው ኋላ የተለጠፈችው ጥቁር ጥላሸት ሳትቀር ትታይሃለች። እኔን እስከ ዛሬ የምትናፍቀኝ እሷ ጥላሸት ናት።

ትንሽ ኤርፖርት ከሆነ በጠዋት ሂድ። ረፋድ ላይ አስፋልቱ ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያንን ምንም ሌንስ አያድነውም። መቆሚያህንም ጥበቃዎቹን ጠይቀህ ምረጥ። የአውሮፕላኑን የምዝገባ ቁጥርና ቀኑን እዚያው ጻፍ፤ እኔ ሳልጽፍ የቀረኋቸው ስላይዶች አሁንም ያንገበግቡኛል።