ስለ ማርሚታ ጠይቁኝ፦ ድምፅ፣ ጉልበትና ጎረቤት

የሞተር ሳይክል ጥገና እንጀራዬ ነው። ድምፁ ጎላ ያለ ማርሚታ (የጭስ ማስወጫ ቧንቧና ድምፅ ማፈኛው) ስለማስገጠም የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ በአንድ ላይ ልመልስ ተቀምጫለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ድምፁን ስለወደዳችሁት ብቻ ማርሚታ ብትቀይሩ አልወቅሳችሁም፤ እኔም ጥሩ የሞተር ድምፅ ስሰማ ዞር ብዬ አያለሁ። ጉልበት ፍለጋ ከሆነ ግን ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የመጀመሪያውን መልስ አንብቡ።

ከሐዋሳ፣ ቦክሰር 150፦ ሻጩ ይህን ማርሚታ ብትገጥም የሞተርህ ጉልበት በሩብ ይጨምራል ብሎኛል። እውነት ነው?

አይደለም። ቦክሰር 150 ከፋብሪካ ሲወጣ ያለው ጉልበት 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ሩቡ ሦስት ይሆናል። ሦስት የፈረስ ጉልበት ቧንቧ በመቀየር ብቻ አይገኝም። ሞተሩ የሚስበውን አየር የሚወስኑት አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር፣ ቫልቮቹና እነሱን የሚከፍተው ካምሻፍት ናቸው፤ እነዚህ እንደነበሩ ሆነው መውጫውን ብቻ ብታሰፋው የሚገባው አየር እምብዛም አይጨምርም።

እንዲያውም የምታጣው ነገር አለ። የጭስ ማስወጫው ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር የግፊት ሞገድ በቧንቧው ውስጥ ይሮጣል። ቧንቧው ድንገት የሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ሞገዱ ተገልብጦ፣ የመሳብ ኃይል ይዞ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ማስገቢያውና ማስወጫው ቫልቭ ለቅጽበት አብረው ክፍት በሚሆኑበት ሰዓት ከደረሰ የተቃጠለውን ጭስ ጠርጎ ያወጣል፣ አዲሱንም ድብልቅ ይስባል። የፋብሪካው መሐንዲስ የቧንቧውን ርዝመትና ስፋት የለካው ይህ ግጥምጥሞሽ ሞተሩ አዘውትሮ በሚሠራበት ዙር (የመሽከርከር ፍጥነት) ላይ እንዲሆን ነው። አንተ ሁለት ሰው ጭነህ ዳገት የምትወጣው ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ነው። አጭርና ሰፊ ማርሚታ ስትገጥም ጥቅሙ፣ ካለም፣ ወደ ከፍተኛው ዙር ይሸሻል፤ ዳገቱ ላይ ያለው ጉልበት ይደክማል። ጆሮ ግን ይታለላል፤ ድምፁ ስለጮኸ የፈጠነ ይመስልሃል።

ጉልበት የጠፋብህ ከመሰለህ የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ የቫልቭ ክፍተቱን አስለካ፣ የሰንሰለቱን ውጥረት እይ። እኔ ጋ ደከመ ተብሎ ከሚመጣው ሞተር አብዛኛው በዚህ ይድናል።

ከዚያው ሰው፦ ልጨምርበት፣ ሞተር ማርሚታው ካላፈነው አይሠራም ሲሉ እሰማለሁ።

መታፈንን የሚወድ ሞተር የለም። ጭሱ በፍጥነት እንዲወጣና ሞገዱ በሰዓቱ እንዲመለስ ነው የሚፈልገው። ቧንቧው በጣም ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ይዛነፋል፤ ሰው የሚያየውን ድካም ከመታፈን ማጣት ጋር ያያዘው ለዚህ ይመስለኛል።

ከአዳማ፦ የእኔን ሞተር እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን ማስጮህ ይቻላል? ወጪው አያሳስበኝም።

ወንድሜ፣ ገንዘቡ አያሳስብህም፣ ሲሊንደሩ ግን ያሳስብሃል። የሃርሊ ድምፅ የሚመጣው ከማርሚታው ሳይሆን ከሞተሩ አሠራር ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው ቆመው፣ ሁለቱም ፒስተኖች በክራንክ ዘንጉ (መውጣት መውረዳቸውን ወደ ዙረት በሚቀይረው ዘንግ) ላይ አንድ ፒን ይጋራሉ። በዚህ ምክንያት ፍንዳታው እኩል አይከፋፈልም፤ ከአንዱ እስከ ሌላው 315 ዲግሪ፣ ከዚያ እስከ ቀጣዩ 405 ዲግሪ ይሆናል። ያ እንደሚያነክስ ከበሮ የምትሰማው ምት ይህ ነው። ኩባንያው ድምፁን በ1994 እንደ ንግድ ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር፤ ተፎካካሪዎቹ ተቃወሙት፣ እሱም በ2000 ማመልከቻውን ተወው። ያንተ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በእኩል ልዩነት ነው የሚተኩሰው። የትኛውንም ቧንቧ ብትሰካበት ከፍ ያለ የራሱን ድምፅ ያወጣል እንጂ የሌላውን አያወጣም።

(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ።)

ከአዲስ አበባ፦ ክፍት ማርሚታ ካስገጠምኩ በኋላ ነዳጅ መስጫውን ስለቀው ጧ ጧ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ችግር አልነበረውም። ወደ ሰመራ ስወርድ ግን ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቀ፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላም ነጭ ሆኖ ወጣ። ምን ነካው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ አገራችን ውስጥ ማርሚታ የሚቀይር ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለበት።

ማርሚታ ሲከፈት በሞተሩ የሚያልፈው አየር በትንሹም ቢሆን ይጨምራል። ካርቡሬተር ደግሞ የሚሰጠውን የቤንዚን መጠን በራሱ አያስተካክልም፤ ቤንዚን የምትመጥነው ትንሿ የነሐስ ቀዳዳ፣ ዋናዋ ጄት፣ ቁጥሯ ያው ነው። ስለዚህ ድብልቁ ይሳሳል፣ ማለት አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል። የሳሳ ድብልቅ ሙቀት ያመጣል፤ ሲብስም ፒስተን ይበሳል።

አዲስ አበባ ላይ ያልታየው ለምንድን ነው? ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ ተመጥኖ የመጣ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ ቤንዚኑ ይበዛበታል። የማርሚታው መከፈትና የከፍታው ነገር ተጣፍተው ሞተሩ ደኅና መሰለህ። ከ500 ሜትር በታች ወደሆነችው ሰመራ ስትወርድ አየሩ ወፈረ፤ የከፍታው ጥሪት አለቀና የማርሚታው ዕዳ ብቻውን ቀረ። በዚያ ላይ የአፋር ሙቀት አለ።

መፍትሔው ዋናዋን ጄት በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ማሳደግ ነው፤ ከዚያ ሞተሩን በጭነት አስኪደህ ካንዴላውን እይ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ሳስቷል፣ ጥላሸት ከለበሰ በዝቷል። ቆላ የምትወርድ ከሆነ ማስተካከሉን ለቆላው አድርገው፤ ደጋ ላይ ትንሽ ቤንዚን ይባክንብሃል፣ ፒስተንህ ግን ይተርፋል። ጧ ጧ የሚለው ብዙ ጊዜ በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) እና በቧንቧው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያው፣ አየር ሲያስገባ ነው፤ ከጄቷ በፊት እሱን ፈትሽ።

ከድሬዳዋ፦ የእኔ በካርቡሬተር ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጭ ነው። ይህ ሁሉ አይመለከተኝም ማለት ነው?

በከፊል። ቧንቧው ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ በተረጋጋ ፍጥነት ስትሄድ ድብልቁን ያርመዋል። ሙሉ ነዳጅ ስትሰጥ ግን ብዙዎቹ አነስተኛ ሞተሮች መለኪያውን ትተው በተጻፈላቸው ሰንጠረዥ ይሄዳሉ፤ ሰንጠረዡም አዲሱን ማርሚታ አያውቀውም። ቢያንስ የመለኪያው ማሰሪያ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ግዛ። ሽቦውን ነቅለው የሚያንጠለጥሉ መካኒኮች አሉ፤ እንዳትፈቅድላቸው።

ከጅማ፦ አሮጌ ያማሃ ዲቲ አለኝ፤ ባለ ሁለት ምት ነው። የማርሚታውን ሆድ ቆርጬ ቀጥ ያለ ቧንቧ ልበይድበት?

በፍጹም። ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ ባለ አራት ምቱ ቴስታታው ላይ የማስገቢያና የማስወጫ ቫልቭ የለውም። ያ ያበጠ ሆድና ጠባብ ጭራ፣ ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ድብልቅ በሞገድ ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ የሚመልስ የሞተሩ አካል ነው። በ1950ዎቹ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ዋልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ ለኤምዜድ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ይህን አሠራር አራቀቀው። በ1961 የቡድኑ ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ከድቶ ዕውቀቱን ወደ ሱዙኪ ይዞት ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሱዙኪ የዓለም ሻምፒዮና አገኘ። አንድ ሰው አገሩን ጥሎ ይዞት የሸሸውን ነገር አንተ በመጋዝ ልትቆርጠው ነው።

ከመቀሌ፦ አክራፖቪች የተጻፈበት ማርሚታ በጣም ርካሽ አገኘሁ። ልግዛው?

አክራፖቪች የስሎቬኒያ ኩባንያ ነው፤ ቲታኒየምና ካርቦን ፋይበር የሚጠቀም ሰው በዚያ ዋጋ አይሸጥልህም። ያየኸው አስመስሎ የተሠራ ነው። ውስጡን በባትሪ ብርሃን እይ፦ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ በዙሪያው የታጨቀ የመስታወት ሱፍ ከሌለ ባዶ ቆርቆሮ ነው የገዛኸው። ሱፍ ያለውም ቢሆን ሱፉ እያደር ስለሚቃጠል መቀየር አለበት፤ ድምፁ ሻካራ ሲሆንና የውጭ ቆዳው ከወትሮው ሲግል ሰዓቱ ደርሷል።

ከባሕር ዳር፣ እናት ነኝ፦ ልጄ እንዲህ ያለ ማርሚታ አስገጥሞ ሌሊት ሲገባ ሰፈሩ ይነቃል። የሚያስጮኸው መኪና እንዲያየኝና እንዳይገጨኝ ነው ይላል። እውነት ይከላከልለታል?

እናቴ፣ ልጅዎ ይህን የሚለው ብቻውን አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ የሚባል ነው። ማርሚታው የሚጮኸው ግን ወደ ኋላ ነው። በሃሪ ኸርት የተመራውና በ1981 የወጣው የአሜሪካ ጥናት 900 አደጋዎችን በቦታው መርምሮ፣ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተፈጠሩት ግጭቶች ከሦስት ሁለቱ ያህሉን ያመጣው የሌላው አሽከርካሪ ቅድሚያ መንፈግ እንደሆነ አገኘ። አደጋው በአብዛኛው ከፊት ነው የመጣው። መስኮቱን ዘግቶ ሬዲዮ ከፍቶ ከፊት የሚታጠፍ ሰው ድምፁን የሚሰማው ሞተሩ አጠገቡ ሲደርስ ነው። ቀን የበራ የፊት መብራት፣ ደማቅ ጃኬትና በደንብ የሚሠራ ክላክስ ይሻሉታል።

ስለ ሰፈሩም ልንገርዎት። በአገራችን የአካባቢ ድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። አሥር ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ጮኾ ይሰማናል። ማርሚታው ጫፍ ላይ የምትገባ የድምፅ መግቻ ቱቦ አለች፤ በአንድ ብሎን ትታሰራለች። ሌላው ቢቀር ያስገባት። ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮም በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ይግባ። ይህን ከእርስዎ አፍ ካልሰማ እኔ ጋ ይላኩት።

ከፍራንክፈርት፦ እዚህ ፖሊስ ያቆመኛል ብዬ እሰጋለሁ። ምን ላረጋግጥ?

ማርሚታው ላይ በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ (E) ፊደልና ቁጥር የተቀረጸበት መሆኑን፣ ሰነዱም ያንተን ሞዴል የሚጠራ መሆኑን። ኢ 1 ከሆነ ማጽደቂያው የጀርመን ነው፤ ሌሎቹም ቁጥሮች እዚያ ይሠራሉ። መግቻ ቱቦዋን አውጥተህ መንገድ ከወጣህ የተሽከርካሪው የመንገድ ፈቃድ ይሰረዛል። በመመዝገቢያ ሰነድህ ዩ.1 (U.1) በሚለው መስመር የቆመ ሞተር ድምፅ በዴሲቤል ተጽፏል። ከ95 በላይ ከሆነ በኦስትሪያ ቲሮል፣ ሮይተ አካባቢ ባሉ አንዳንድ መንገዶች ላይ በሞቃቱ ወራት እንዳትሄድ፤ ከ2020 ጀምሮ የተከለከለ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ራሴ ልግጠመው ብዬ ወስኛለሁ። ቅደም ተከተሉን ንገረኝ።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ቴስታታው ላይ ያሉት ዳዶዎች በሙቀትና በዝገት የተያዙ ናቸው፤ ከመፍታትህ በፊት ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጣቸው። አልፈታም ካለህ አትታገል፤ ትንሽ አጥብቀህ መልሰህ ፍታ። ብሎኑ ቴስታታው ውስጥ ከተሰበረ ወጪው ከማርሚታው ይበልጣል።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን ቆፍረህ አውጣ። ብዙዎች ሳያወጡት አዲሱን ይደርቡበታል፣ ከዚያ ጭስ ያፈሳል። አዲሱን አስገብተህ ሁሉንም ማሰሪያ በእጅ ብቻ ያዝ፤ አንዱንም አታጥብቅ። ቧንቧው ሳይጎተት በራሱ ቦታው ላይ መቀመጡን ካየህ በኋላ የቴስታታውን ዳዶዎች እያፈራረቅህ በእኩል አጥብቅ፣ ቀጥሎ የኋላውን ማንጠልጠያ። አስገድደህ ያሰርከው ቧንቧ በንዝረት ብየዳው ይሰነጠቃል።

የኋላ እግሩ ሲወርድና ሲወጣ ማርሚታው ጎማውን፣ የፍሬን ቱቦውንም ሆነ ፕላስቲኩን እንዳይነካ ሰው አስቀምጠህ ተመልከት። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ባት የት እንደሚያርፍ እይ፤ ያለ ሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ የሚገጠም ማርሚታ የሰው ቆዳ ያቃጥላል። አስነስተህ መጋጠሚያውን በእጅህ ከሩቅ ፈትሽ፣ ጭስ የሚረጭ ከሆነ ይሰማሃል። ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹን መልሰህ አጥብቅ፤ መላላታቸው አይቀርም። አሮጌውን ማርሚታ አትሽጠው። የቦሎ ምርመራ ሲመጣ ወይም ሞተሩን ስትሸጥ ትፈልገዋለህ።

ከዚያው ሰው፦ አዲሱ የብረት ቧንቧ አንድ ቀን ሳይሞላው የጣት አሻራ የመሰለ ጥቁር ምልክት አወጣ፤ መጋጠሚያው አካባቢ ደግሞ ሰማያዊ ሆነ። ተበላሸ?

አሻራው የራስህ ነው። የእጅ ቅባት በሙቀት ብረቱ ላይ ይጋገራል፤ ከማስነሳት በፊት በአልኮል ጨርቅ መጥረግ ነበረብህ። አሁን በብረት ማጽጃ ቅባት ብትፈትገው አብዛኛው ይለቃል። ሰማያዊው ብረቱ ሲግል ከአየር ጋር የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው፣ ጉዳት የለውም። ቧንቧው ግማሽ ድረስ ከሰማያዊው አልፎ ግራጫ ከሆነ ግን ለአዲስ አበባው ጠያቂ የመለስኩትን አንብብና ካንዴላህን አውጥተህ እይ።